ስኩራ ውስጥ ጭቃ ቤት ማደር

ሞሮኮ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ማራከሽ ላይ ይቆማል። እኔን የሳበኝ ከአትላስ ተራራ ወዲያ ያለው የአማዚጎች ገጠር ነው። በርበር ብለን የምናውቃቸው ማለት ነው። ከጭቃ የሠሯቸው ካስባዎች፣ ማለትም ማማ ያላቸው ምሽግ መሰል ትልልቅ ቤቶች፣ አንዳንዶቹ ታድሰው እንግዳ ያሳድራሉ። እኔም ስኩራ በሚባለው የቴምር ደን ውስጥ አንዱ ጋ አረፍኩ።

ወደ ስኩራ የሚኬደው በዋርዛዛት ከተማ በኩል ነው፤ ከማራከሽ ዋርዛዛት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ግን 2,260 ሜትር ከፍታ ያለውን ቲዚ ንቲሽካ የተባለ የተራራ ማለፊያ እየተጠማዘዘ ይሻገራል። የሚያቅለሸልሻችሁ ከፊት ተቀመጡ። የቀረውን 40 ኪሎ ሜትር ያህል በግራንድ ታክሲ ሄድኩ። ስድስት ሰው ሳይሞላ ንቅንቅ አይልም፤ መጠበቅ የሰለቸው የሁለት ሰው ከፍሎ ይገላገላል። ደኑ ውስጥ ደግሞ መንገዱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ግራና ቀኝ የጭቃ አጥር፣ መሐሉ አቧራ። ስለዚህ ቀድሜ ደውዬ አስፋልቱ ዳር የሚቀበለኝ ሰው እንዲልኩ አደረግኩ። ሳይመሽ ድረሱ፤ ጥሬ ገንዘብም ያዙ።

ቤቱን ከመያዜ በፊት ሁለት ነገር ጠይቄያለሁ። ግድግዳው በምን ታደሰ? ክፍሉስ ታች ነው ላይ? የአፈር ግድግዳ ሲሚንቶ ከተለሰነ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ከውስጥ ይበላዋል። ምድር ቤቱ ደግሞ ድሮ የከብትና የእህል ነበር፤ ቤተሰቡ የሚኖረው ላይ ነው። ታድሶም ቢሆን ታችኛው ክፍል ጨለም ይላል። ላይኛውን ወሰድኩ።

ጠዋት ጣሪያው ላይ አንድ ሠራተኛ አገኘሁ። አፈርና ጭድ አብኩቶ ዝናብ የበላውን የማማ ጫፍ በመዳፉ እየጠፈጠፈ ይመርጋል። ሽታው ሳይቀር የእኛው አገር ምርጊት ነው። ግድግዳው ግን ማገር የለውም። እርጥብ አፈር በሁለት ሳንቃ መሐል ይሞላና በመደብደቢያ ይጠቀጠቃል፤ ከዚያ ሳንቃው ተነስቶ ወደ ቀጣዩ ይዛወራል። ሳንቃውን የያዙት እንጨቶች ያለፉበት ቀዳዳ ዛሬም በረድፍ ይታያል። ጣት ይገባበታል፣ ሞክሬዋለሁ። በየጊዜው የሚመርገው ያጣ ካስባ ዝናብ በዝናብ ይፈርሳል። በየመንገዱ ዳር ግማሹ አፈር የሆነ ታያላችሁ። የአዳሩ ዋጋ ለምን ወደድ እንደሚል የገባኝ እዚያ ነው። የድሮው ኑሮ ምን ይመስል እንደነበር ለማየት እዚያው ስኩራ አምሪዲል ካስባ አለ፤ ሙዚየም ሆኗል፣ ምስሉ በድሮው 50 ድርሃም ኖት ላይ ወጥቶ የነበረው ነው።

ብርዱን አትናቁት። ወፍራሙ ግድግዳ በሙቀት ወራት ደስ ይላል፤ ታኅሣሥና ጥር ሌሊት ግን አጥንት ይሰብራል። ማሞቂያ መኖሩን ሳታረጋግጡ አትክፈሉ። ለእኔ ጥቅምት ይሻላል፤ ቴምሩም የሚለቀመው ያኔ አካባቢ ነው።

ለጿሚ ደግሞ፣ «ሥጋ አልበላም» ማለት ብቻውን አይበቃም። አርብ የኩስኩስ ቀን ነው። ላዩ ካሮትና ዱባ ስለሆነ የጾም ይመስላል፤ መረቁ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሥጋ ነው፣ ቅቤም ይገባበታል። እኔ ለሚያበስሉት እናት ከዋዜማው አስነገርኩ። በወይራ ዘይት የአትክልት ታጂን፣ ማለትም በሸክላ ድስት የሚሠራ ወጥ፣ ሠሩልኝ፤ ከሰል ላይ ቀስ ብሎ የበሰለ፣ ድንቹ ከሥሩ ያዝ ያደረገ። የሚበላው ከሸክላው ላይ በዳቦ እየጠቀለሉ ነው። ያን ደግሞ ለሐበሻ ማን ያስተምረዋል!