የሰዓቱ ፈተና እና የጓዳችን ምግብ

በሆቴል ኩሽና ለምትደክሙ የሙያ ጓደኞቼ፣ ይህን የምጽፈው ባሕር ዳር ውስጥ ጥቂት ሼፎች ተሰባስበን የያዝነው ልምምድ የት እንደደረሰ ላካፍላችሁ ብዬ ነው። ከምሳ ሰርቪስ በኋላ፣ የእራት ኦርደር መውጣት ሳይጀምር ባለችው ክፍተት ሽምብጥ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ እንገናኛለን። መነሻችን የባለሙያ ሼፎች የቴሌቪዥን ውድድር ነው። አንድ ክፍል ከፍተን እናያለን፣ መሐል ላይ እናቆማለን፣ እንከራከራለን፣ ከዚያ ከሰል እናቀጣጥላለን።

ውድድሩን ለማያውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። «ቶፕ ሼፍ» አሜሪካ ውስጥ ብራቮ በሚባለው ጣቢያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 የጀመረ ነው። ተወዳዳሪዎቹ በሙያው እንጀራቸውን የሚበሉ ሼፎች ናቸው፤ ለእኛ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው። ለጀማሪ የሚሰጥ ማባበያ የለም። አብዛኛው ክፍል ሁለት ፈተና አለው፦ በደቂቃዎች የሚያልቅ ፈጣን ፈተና፣ ቀጥሎም ረዘም ያለ፣ በመጨረሻው አንድ ሰው ቢላውን ሰብስቦ የሚሰናበትበት ፈተና። ዋናው ዳኛ ቶም ኮሊኪዮ ራሱ ሼፍና የምግብ ቤት ባለቤት ነው። ክሪስተን ኪሽ ደግሞ 10ኛውን ዙር ያሸነፈች ስትሆን ከ21ኛው ዙር ጀምሮ አቅራቢ ሆና ተመልሳለች። በዚያ እሳት ያለፈ ሰው ከጠረጴዛው ማዶ ሲቀመጥ የሚጠይቀው ጥያቄ ይለያል፤ እኔ የእሷን ጥያቄዎች እየጻፍኩ አስቀምጣለሁ።

የእንግሊዙ ቢቢሲ ከ2008 ጀምሮ የሚያቀርበውን «ማስተርሼፍ ዘ ፕሮፌሽናልስ»ንም እናያለን። ከእሱ የምንወስደው የክህሎት ፈተናውን ብቻ ነው። ዳኛው መጀመሪያ ሥራውን ለተመልካች ሠርቶ ያሳያል፤ ተወዳዳሪው ግን ያንን ሳያይ ገብቶ በተሰጠው ደቂቃ ያንኑ ነገር ይሠራል። አንድ ሸርጣን መፈልፈል ወይም አንድ ሶስ ማውጣት ሊሆን ይችላል። ለልምምድ እንደዚህ የሚመች ነገር አላየሁም፤ ምክንያቱም የሚፈተነው ፈጠራ አይደለም፣ እጅ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ገና ስንጀምር የተነሳው ክርክር ከባድ ነበር። ከመካከላችን በዕድሜም በሙያም የሚበልጠን ሼፍ፣ ጋሼ የምንለው፣ «ወጥ በሰዓት አይታዘዝም» አለ። የሚለው ነገር እውነት አለው። የዶሮ ወጥ ቁሌት ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ቀስ እያለ ውኃውን እስኪጨርስ፣ ከዚያ በርበሬው ገብቶ ጠብ ጠብ በሚል ውኃ እየተቁላላ ጥሬነቱ እስኪለቅ ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። በ30 ደቂቃ የተሠራ ዶሮ ወጥ ለእንግዳ አይቀርብም። ስለዚህ ጋሼ ይህ ውድድር የተሠራው ለፈረንጅ ምግብ ነው፣ እኛ ብንከተለው ስቴክና ፓስታ ላይ እንቀራለን የሚል ስጋት ነበረው።

እኔ በዚህ አልተስማማሁም፤ አሁንም አልስማማም። የእኛ ምግብ ረጅም ሰዓት የሚጠይቅ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ ሰዓት ሁሉ ምድጃ ላይ የሚያልፍ አይደለም። አብዛኛው አስቀድሞ ተሠርቶ ጓዳ ተቀምጧል። ድልሁን ተመልከቱ። በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ተደልዞ፣ ደርቆ፣ ታምሶ፣ ተፈጭቶ፣ ከዚያ ተለውሶ ነው ማሰሮው ውስጥ የገባው። ሽሮው ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ከቅመሙ ጋር ተፈጭቷል። ንጥር ቅቤው ኮረሪማውንና ኮሰረቱን ጠጥቶ ተቀምጧል። ቋንጣው ተዘልዝሎ ደርቋል። ስልጆው የባቄላው ዱቄት በሱፍ ውኃ ተገንፍቶ፣ ሰናፍጭ ገብቶበት ለቀናት ኮምጥጧል። እናቶቻችን ድንገት እንግዳ ሲመጣባቸው ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ ገበታ የሚያቀርቡት በዚህ ምክንያት ነው። ይህንን ለጋሼ ስናገር ዝም ብሎ ሰማኝና «እንግዲህ ጓዳውን ክፈቱት» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሕጋችን አንድ ነው፦ ጓዳ ያለው ሁሉ ይፈቀዳል፣ ሰዓቱ የሚቆጠረው እሳቱ ላይ ካለው ሥራ ነው።

በዚህ ሕግ የሠራነው የመጀመሪያው ፈጣን ፈተና ቀረሶና ሽሮ ነበር፣ በ30 ደቂቃ። እስካሁን ከሁሉ ብዙ ያስተማረን እሱ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ላስፋው።

ቀረሶ ከጣና በብዛት ከሚወጡት ዓሣዎች አንዱ ነው፤ እዚህ ከተማ ሙሉውን ተጠብሶ ከነጭንቅላቱ ሲቀርብ የማያውቅ የለም። እኛ ግን ቆዳው ሳይገፈፍ ቅርፊቱን ብቻ አንስተን ሥጋውን ከአጥንቱ ለይተን፣ ቆዳው እንዲንኮሻኮሽ አድርገን መጥበስን ነው የተለማመድነው። ቁልፉ እርጥበት ነው። ዓሣው ላይ ውኃ ካለ የመጥበሻው ሙቀት ያንን ውኃ በማትነን ያልቃል፤ ቆዳውም ከመጠበስ ይልቅ ይቀቀላል። ስለዚህ ጨው ነስንሰን ለጥቂት ደቂቃ እናቆየዋለን፣ ጨው የሳበውን ውኃ በንጹሕ ጨርቅ ጥርግ እናደርጋለን፣ በጋለ ዘይት ላይ በቆዳው በኩል እናስቀምጥና እንዳይኮማተር ለአፍታ በጣት ጫን እንላለን። ከዚያ እጅ መሰብሰብ ነው። ቆዳው ሲደርስ ራሱ መጥበሻውን ይለቃል፤ ቀድሞ መነካካት ይቀደዋል። ሥጋው ዳር ዳሩ ነጭ ሆኖ መሐሉ ገና ብርሃን ሲያሳልፍ ገልብጦ ወዲያው ማውጣት፤ የቀረውን የራሱ ሙቀት ይጨርሰዋል።

ሽሮው በዚያው ጊዜ ጎን ላይ ይንተከተካል። እዚህ ላይ የቦታችን ነገር ይገባል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ደርሶ ሳይሆን 94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ዝቅ ባለ አገር የተቀረጸ ውድድር ላይ የምታዩት የሩዝና የድንች ደቂቃ እኛ ጋ አይሠራም፤ በውኃ የሚበስል ሁሉ ይረዝማል። ዘይትን ግን ይህ አያግደውም። ስለዚህ ሰዓቱ ሲጠብብን ከቅቅል ይልቅ ወደ ጥብስና ወደ ተፈጨ ነገር እንሄዳለን። ሽሮ ዱቄቱ አስቀድሞ የተቆላ ስለሆነ በዚህ ይረዳናል።

ሁለተኛው ትልቅ ትምህርት ነጭ ዓሣ ላይ መጣ። ነጭ ዓሣ ሥጋው ውስጥ የተበተነ ቀጭን እሾህ አለው፤ አንዳንድ ሆቴሎች እንግዳ ያማርራል ብለው ይሸሹታል። የክህሎት ፈተና አድርገን ያዝነው። አንደኛው መንገድ ቆዳው ሳይቆረጥ ሥጋውን በስለታም ቢላ በጣም እያጠጋጉ መሰንጠር ነው፤ እሾሁ ይደቅና ሲጠበስ ምላስ አያገኘውም። ሁለተኛው መንገድ የራሳችን የዓሣ ዱለት ነው፤ እስኪደቅ ድረስ መክተፍ፣ ከቃሪያና ከሽንኩርት ጋር በንጥር ቅቤ፣ ለጿሚ ደግሞ በዘይት፣ ለብ ማድረግ። ጋሼ ሁለቱንም ቀምሶ ዱለቱን መረጠ፤ እኔ የተሰነጠረውን። አንድ ነገር ግን ሁላችንም ተስማምተንበታል። ነጭ ዓሣ የምንላቸው ብዙዎቹ ዝርያዎች ከጣና በቀር የትም የማይገኙ ናቸው፤ በክረምት እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። በዚያ ወቅት አንገዛም። ሼፍ የሚያበስለውን ዘር ካልጠበቀ ማን ይጠብቀዋል?

አምባዛ የሚባለውን ዓሣ በተመለከተ ቅርፊት ስለሌለው በእምነት ምክንያት የማይቀምሱ ጓደኞች አሉን። መጥበሻውም፣ መክተፊያውም፣ ቢላውም ለብቻ ነው። ይህንን በየሆቴሉ ልማድ ብናደርገው ደስ ይለኛል።

ስለ ዳኝነቱ ልንገራችሁ፤ ለእኔ ከሁሉ የከበደውና ከሁሉ የጠቀመው እሱ ነው። የግቢው ባለቤት እማማ የስንቱን ሰርግና ተዝካር ወጥ የሠሩ ሴት ናቸው። ዳኛ እንዲሆኑልን ስንለምናቸው መጀመሪያ ቀምሰው «እጃችሁን ቁርጥማት አይንካው» ብለው መረቁን። ሌላ ነገር ከአፋቸው አልወጣም። የተሰጠን ምግብ ማማት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ የሠራ ሰው ይመረቃል እንጂ አይተችም። ይህ ባህል ያማረ ነው፤ አልነካውም። ኩሽና ውስጥ ግን ምርቃት ብቻውን አያሳድግም። ቶም ኮሊኪዮ ተወዳዳሪውን ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ሳህኑ ላይ ያለው ነገር ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ነው። ያንን ለእማማ በእኛ አነጋገር አቀረብነው፦ «እማማ፣ ከዚህ ሳህን ላይ አንዱን አንሱ ብንልዎ የቱን ያነሳሉ?»

ያኔ ተከፈቱ። ከቀረሶው ጎን ያስቀመጥነውን የሎሚ ሶስ አነሱት። «ሽሮው ራሱ በቂ ነው፣ ዓሣው ለምን ሁለት ጌታ ይኖረዋል?» አሉ። ሶሱን ያዘጋጀው ወጣት ጓደኛችን ሆቴል ውስጥ በዚያ ሶስ የታወቀ ነው፤ ዝም አለና ሳህኑን እንደገና ሠራው። በሶሱ ምትክ ከዘጌ የመጣ ሎሚ ልጣጩን ብቻ ፍቆ ቆዳው ላይ በተነ። ሁለተኛው ሳህን ከመጀመሪያው በጣም ይበልጥ ነበር። አሁን እማማን የምንጠይቀው ይህንኑ ጥያቄ ነው፤ ምርቃቱም አልቀረም፣ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ማርከስ ሳሙኤልሰንን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ኢትዮጵያ ውስጥ ካሳሁን ጽጌ ተብሎ የተወለደው፣ ስዊድን ያደገው ሼፍ በ2010 የ«ቶፕ ሼፍ ማስተርስ»ን ሁለተኛ ዙር አሸንፏል፤ ያ ውድድር ደግሞ ስም ያተረፉ ሼፎች የሚገናኙበትና ሽልማቱ ለበጎ አድራጎት የሚሄድበት ነው። የመጨረሻው ፈተና ተወዳዳሪው ሕይወቱን በሳህን እንዲናገር የሚጠይቅ ነበር፦ የመጀመሪያ የምግብ ትዝታ፣ ሼፍ ለመሆን ያስወሰነ ገጠመኝ፣ እንደ ሼፍ ማንነትን የሚገልጽ ምግብ። ያንን ፈተና ወስደን ለራሳችን ሰጠን።

እንዲህ ያለ ቀን አላየሁም። ፎገራ ያደገችው ጓደኛችን የሩዝና የጤፍ ዱቄት የተቀላቀለበት እንጀራ አቀረበች፤ የቤታቸው እንጀራ ያ ነበር። ሆቴል ውስጥ እንግዳ ፊት አቅርባው አታውቅም፤ ያን ዕለት በትናንሹ ጋግራ፣ ዳሩን በምጣዱ ላይ አድርቃ፣ ላዩ ላይ የአምባዛ ጢስ ጥብስ አደረገችበት። አምባዛው ለማይቀምሱት ደግሞ የምስር አዚፋ። ጋሼ የሠራው ቡና ብቻ ነበር፤ ከቆሎ ጋር። ሼፍ እንድሆን ያደረገኝ ይህ ሽታ ነው አለ፣ ማንም አልተከራከረውም። እኔ የመጀመሪያ ትዝታዬን በስልጆ ሠራሁት። በዓቢይ ጾም እናቴ ለቁርስ የምትሰጠኝ በዳቦ ነበር። ስልጆውን አሳስቼ ከቀረሶው ሥር አፈሰስኩት፤ ኮምጣጣነቱና የሰናፍጩ ግለት የዓሣውን ስብ ይቆርጣል፣ ሎሚም ኮምጣጤም አያስፈልግም። እማማ ከዚህ ሳህን ላይ የሚያነሱት ነገር አላገኙም። ያ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን የቀረን የ«ቶፕ ሼፍ» ተመልካች ሁሉ የሚጠብቀው፣ በሁለት ቡድን ተከፍሎ ባጭር ጊዜ ምግብ ቤት የመክፈት ፈተና ነው። እዚያ ላይ ጎበዝ ሼፎች የሚወድቁት አብዛኛውን ጊዜ በጣዕም አይደለም፤ ኦርደሩን የሚጠራ፣ ሳህኑን የሚያስተላልፍ፣ እንግዳውን የሚቀበል ሰው በደንብ ስላልተመደበ ነው። እኛም ለሁለት እንከፈላለን። ጊዜው ዓቢይ ጾም ይሆናል፤ ያኔ እዚህ ከተማ ዓሣ ፈላጊው ይበዛል፣ ዓሣም የማይበላው ጿሚ እኩል መስተናገድ አለበት። የእኛ ቡድን ሁለት ዝርዝር እያዘጋጀ ነው፤ ከቆጋ መስኖ የሚመጣው ሽንኩርትና አቮካዶ፣ የፎገራው ሩዝ፣ ሽሮውና ስልጆው በሁለቱም ላይ አሉ። ኦርደር የምትጠራው የፎገራዋ ጓደኛችን ናት፣ ድምፅዋም ልቧም የረጋ ነው። መጥበሻው የእኔ ነው። ስልጆው እስኪኮመጥጥ ቀናት ስለሚፈልግ ሰናፍጩን በዚህ ቅዳሜ ገበያ እገዛለሁ፤ የሌላው ቡድን ሰዎች ይህን ካነበባችሁ፣ ጋሼ ለየትኛው ወገን እንደሚሠራ ገና አልወሰነም።