ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን

ኢሜይሉ የመጣው ሰኞ ጠዋት ነው። ቡናዬን ገና አልጨረስኩም። «ዳታችሁ ውስጥ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን አለ። 13ኛ ወርም አለ። ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆን?» ይላል። ላኪው ውጭ አገር ያለ ተማሪ ነው፤ የጣናን ውሃ ሙቀት ከሳተላይት መረጃ ጋር ሊያስተያይ ፈልጎ ነው ያወረደው።

ሳቄ መጣ። ፌብሩዋሪ 30 ያለው ጥቅምት 30 ነው፤ ጥቅምት የኛ ሁለተኛ ወር ነዋ። 13ኛው ወር ደግሞ ጳጉሜን። ትንሽ ቆይቼ ግን ደነገጥኩ፤ ሜታዳታውን፣ ማለትም ስለ ዳታው የሚገልጸውን ቅጽ፣ የሞላሁት እኔው ነኝ። የጊዜ ወሰን በሚለው ቦታ «2009–2013» ብዬ አልፌዋለሁ። በማን አቆጣጠር? አልጻፍኩም። ባሕር ዳር ቁጭ ብሎ 2009 ሲል ማን በፈረንጅ ያስባል! ልጁ ግን ከሰባት ዓመት በላይ ወደኋላ ሄዶ የሳተላይት ምስል ሲለቅም ከርሟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐይቁ ዳር ውሃ የሚለኩልን አንድ ጋሼ አሉ። በቀን ሁለቴ ቴርሞሜትር ይነክራሉ፣ የከፍታ መለኪያውን ዘንግ ያነባሉ፣ ደብተር ላይ ያሰፍራሉ። እኔ ደብተሩን ወደ ኤክሴል ገልብጬ ዳታቨርስ የሚባል የምርምር ዳታ ማከማቻ ላይ ጫንኩት። ፐብሊሽ ስለው፣ ማለትም ለሁሉም ይፋ ሳደርገው፣ ቨርዥን 1.0 ሆነ።

መጀመሪያ ያሰብኩት አጥፍቼ እንደ አዲስ መጫን ነበር። አይሆንም። አንዴ የወጣ ቨርዥን ከእይታ ይነሣል እንጂ ዱካው አይጠፋም፤ ለምን እንዳነሣኸውም ትጠየቃለህ። ስለዚህ ማረም ጀመርኩ። ዘመኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ጻፍኩ። ወሰኑንም በፈረንጅ ከ2016-09-11 እስከ 2021-09-10 ብዬ መነዘርኩት። ሴቭ አደረግሁና ለልጁ «ተስተካክሏል» አልኩት።

በሁለት ሳምንቱ መለሰልኝ፦ «አሁንም 2009 ነው የሚለው።» ለካ ሴቭ ማለት ፐብሊሽ ማለት አይደለም! እርማቴ ድራፍት ሆኖ ተቀምጧል፤ ከኛ በቀር የሚያየው የለም። አፈርኩ።

ፐብሊሽ ስል ዳታቨርስ ጠየቀኝ፦ 1.1 ወይስ 2.0? ፋይል ከተነካ ምርጫ የለም፣ 2.0 ነው። ሜታዳታ ብቻ ከሆነ ግን ምርጫው ያንተ ነው። እኔ 1.1 አልኩ፣ ፋይሉን አልነካሁትማ። ዛሬ ቢሆን አላደርገውም። ለጥቅስ በሚሰጠው ጽሑፍ ላይ 1.0ም 1.1ም ያው «V1» ተብለው ነው የሚወጡት፤ ዲኦአዩም (የዳታው ቋሚ መለያ) አንድ ነው። በድሮው ሜታዳታ ጽሑፍ የሠራ ሰውና በአዲሱ የሠራ ሰው በምንም አይለዩም። ከፋይሉ አንድ ፊደል ባይቀየርም የቁጥሮቹ ትርጉም ሰባት ዓመት ፈቀቅ ብሏል። እንዲህ ያለውን ትንሽ እርማት ብሎ ማለፍ ልክ አይመስለኝም።

ልጁ አልተወኝም። «በየቀኑ ሁለት 12:00 አለ። የትኛውን ልሰርዝ?» አለኝ። ወደ ጋሼ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይሄ 12 ሰዓት የጠዋት ነው የማታ?»

«የፊተኛው የጠዋት፣ የኋለኛው የማታ ነዋ! ቀትር ላይ ምን ልሠራ እመጣለሁ?»

ደብተሩ ላይ «ጠ» እና «ማ» ብለው ጽፈዋል። ስገለብጥ ቦታ ለመቆጠብ የተውኳት እኔ ነኝ።

ቁመት የሚለውም ዓምድ ያው ጣጣ ነበረበት። 2.41 ይላል፤ ከዘንጉ ዜሮ ተነሥቶ የተለካ ነው። የጣና ውሃ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። ይህንንም ጻፍኩ። ከዚያ ሰዓቱን 06:00 እና 18:00 አድርጌ፣ ከኢትዮጵያው ቀን ጎን የፈረንጁን ዓምድ ጨምሬ 2.0 አወጣሁ። የድሮውን ዓምድ አላጠፋሁትም፤ ከደብተሩ ጋር ማመሳከር የሚፈልግ ይኖራል።

ጋሼ አሁንም 12:00 ብለው ነው የሚጽፉት። «ጠ»ዋን ግን ከወትሮው አግዝፈው መጻፍ ጀምረዋል፤ ለኔ ብለው መሰለኝ።