ብርድ ነው

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። የተነሳሁት ከሚያፈሰው ቦታ ሥር ሳፋ ላስቀምጥ ነበር። ከጓሮ፣ ከሰርቪሱ፣ የጋሼ ሳል ተሰማኝ። እሱም አልተኛም። ክረምት ሲገባ እንዲህ ነው። ነገ ጠዋት እማ ቅባቱን ይዛ ትሄዳለች። «ጉልበቴን» ይላታል። «ብርድ ነው» ትለዋለች። «አዎ፣ ብርድ ነው።» ሠላሳ ምናምን ዓመት እንደ ዳዊት ተደግሟል።

ጋሼ የደርግ ወታደር ነበር። ጉልበቱን ጥይት አልነካውም። ራጅ ተነስቷል፣ ኤምአርአይም ገብቷል። ሐኪሙ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አንስቶ «አባቴ፣ ምንም የለብዎትም» ሲለው አጠገቡ ቆሜ ነበር። የጋሼ ፊት ውሸታም የተባለ ሰው ፊት ሆነ። ከዚያ አንድ ወር ሙሉ ስለ ጉልበቱ ትንፍሽ አላለም። ከሕመሙ ይልቅ ያ ወር ነው ያስፈራኝ።

ማንበብ የጀመርኩትም ያኔ ነው። ሄንሪ ቢቸር የሚባል አሜሪካዊ የማደንዘዣ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጣሊያን ግንባር ነበር። ክፉኛ የቆሰሉትን ማስታገሻ ትፈልጋላችሁ ወይ እያለ ጠየቀ። ከ4ቱ 3ቱ ገደማ አንፈልግም አሉት። እ.ኤ.አ. በ1946 ጽፎታል። ሆዱ የተቀደደ፣ አጥንቱ የተሰበረ ሰው! ቢቸር እንዳለው፣ ለእነሱ ቁስሉ ከዚያ ሲኦል መውጫ ነበር። ተርፈዋል፣ በቃ።

ጋሼስ? ናቅፋ ምሽግ ውስጥ ሁለት ዓመት ኖሮ ጭረት አላገኘውም። አጠገቡ የነበሩትን ስማቸውን አይጠራም፤ «ነፍስ ይማር» ብቻ ይላል። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን በእግሩ መጣ። «የደርግ ወታደር» አሉት እንጂ እንኳን ደህና መጣህ ያለው የለም። (እማ እንኳ መጀመሪያ ያየችለት ቅማሉን ነው። እየሳቀች ነው የምታወራው።) ቁስል የለ፣ መውጫ የለ። ለእሱ ጦርነቱ መቼ አለቀ?

ክፉ ያየ ሰውነት ዘብ እንደቆመ ይቀራል ይላሉ። ጡንቻው አይላላም። እንቅልፉ ይቆራረጣል፤ እንቅልፍ ላጣ ሰው ደግሞ ትንሹም ሕመም ይገንንበታል። ሕመሙ በተራው ያንን ቀን ይቀሰቅሰዋል። አንዱ ለሌላው እንጨት ይጨምራል። ጭንቀቱ ስም አለው፤ ፒቲኤስዲ ይሉታል፣ ከክፉ ነገር በኋላ የሚቀር ጭንቀት። አሜሪካኖች የአእምሮ ሕመም መዝገባቸው ውስጥ ያስገቡት እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፣ ጋሼ ገና ሳይዘምት። እኛ ሰርቪስ ግን አልደረሰም። እኛ ጋ ያለው ብርድ ነው። ወንድ ልጅ «ፈራሁ» አይልም፣ «ጉልበቴን» ይላል። አማርኛም ተባብራዋለች፤ አቅሙንም መገጣጠሚያውንም በአንድ ቃል ነው የምትጠራው።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። አምና ነሐሴን አክስቴ ጋ ኮንዶሚኒየም ከረመ። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለው። በቀን ሁለቴ ይወርዳል፣ ይወጣል። አንድ ቀን ጉልበቴን አላለም። ቅባቱ ሳይከፈት ተመለሰ። እማ «የእሷ ወጥ ተስማምቶት ነው» ብላ ተቀየመች። አሁን ይህን ቆርቆሮ ስሰማ ግን... እዚያ ቤት እኮ ዝናብ አይሰማም። ከላይም ከታችም ኮንክሪት ነው። እንግዲህ ይሄን ሁሉ ዓመት ሲያመው የኖረው ብርዱ ነው ድምፁ?

ለሰርቪሱ ኮርኒስ ላሠራለት አሰብኩ። ግን ምን ብዬ? «ድምፁ እንዳይረብሽህ» ብለው «ማን ረበሸኝ አለሽ?» ብሎ ሌላ ወር ሊዘጋኝ ነው። ብርድ ይከላከላል እለዋለሁ። ሌላ ምን ይባላል? ደግሞ የሰው ኮርኒስ የማስበው እኔ፣ የራሴን ቀዳዳ ማስደፈን ያቃተኝ ነኝ። እግሬ ረጥቧል ለካ። ሳፋውን ገልብጬ ደብተር ማስደገፊያ አድርጌው ኖሯል።