48ቱ ሰዓት የሚቆጠረው ከየት ነው?

ወንድሜን የወሰዱት በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ፣ ዓርብ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ዛሬ ሰዓቱን በእርግጠኝነት እናገራለሁ። ያን ጊዜ ግን ወረቀት ላይ አላሰፈርኩትም። ስንቱ ነገር በዚያች አንዲት መስመር እንደተበላሸ ሳስበው እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

የምኖረው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ባለች ትንሽ የወረዳ ከተማ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የሰው ማመልከቻ ስተይብ ነው የምውለው።

ጠቡ የገበያ ጠብ ነበር። ወንድሜና አንድ የሰፈር ልጅ በበሬ ዋጋ ተነታረኩ፣ ዱላ ተማዘዙ። ልጁ ግንባሩን ተፈነከተ። ማታ ሁለት ሚሊሻዎች ቤታችን መጡ። እምዬ በሩ ላይ ቆማ «በሕግ አምላክ! ልጄን ወዴት ነው የምትወስዱት?» አለቻቸው። በእኛ አገር ይህ ቃል ከተጠራ የሚሮጥ ሰው እንኳ ይቆማል። እነሱ አልቆሙም። «ለጥያቄ ነው፣ ጧት ይመለሳል» አሉን።

ጧት አልተመለሰም። ሦስት ሌሊት ቀበሌው ግቢ ውስጥ፣ ማዳበሪያ የሚቀመጥባት ክፍል ውስጥ አደረ። ሰኞ ጧት ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱት። ስንቅ እያመላለስን ጠበቅን።

አሁን ስህተቴን ልናገር። ቅዳሜና እሑድ ዝም አልኩ። የተያዘ ሰው ፍርድ ቤት መቅረብ ካለበት 48 ሰዓት ውስጥ «ቅዳሜና እሑድ አይቆጠርም» ሲሉኝ አመንኩ። ማክሰኞ ሽማግሌ ላክሁ። ረቡዕ የጣቢያው ኃላፊ «ነገ ይፈታል፣ ታገሱ» አለን፤ ታገስን። እኔ ነኝ የታገስኩት፤ ወንድሜማ ሲሚንቶ ላይ ነበር የተኛው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል። በ48ቱ ሰዓት ውስጥ የማይቆጠረው ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት አግባብ ባለው ግምት የሚጠይቀው ጊዜ ብቻ ነው። ስለ ቅዳሜና እሑድ አንድ ቃል የለም። ፖሊሶች የሚጠቅሱልህ የ1954ቱን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። እሱ 48 ሰዓት ካለ በኋላ የአካባቢው ሁኔታና መገናኛ እንደፈቀደ የሚል ቀዳዳ ትቷል። ግን ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ላይ የበላይ ሕግ እኔ ነኝ ብሏል። ይህንን የሚያስረዳኝ ሰው ያኔ አንድም አልነበረም።

ሐሙስ ንጋት ላይ መኪና ይዤ ደብረ ማርቆስ ገባሁ። ከፍተኛ ፍርድ ቤት አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ፣ ማለትም ያለ ሕግ የታሰረ ሰው ቀርቦ ይፈታልኝ የሚል አቤቱታ፣ አስገባሁ። አቤቱታው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 177 ጀምሮ ያለው ነው። ብዙ ሰው የወንጀል ሕግ ውስጥ ይፈልገውና ያጣዋል። ጠበቃ የግድ አይደለም። የታሰረው ሰው ራሱ መጻፍ ካልቻለ ሌላ ሰው ስለ እሱ ያቀርብለታል። ከቃለ መሐላ ጋር ማን እንደያዘው፣ የት እንደያዘው፣ ይህንን የሚመሰክሩት እነማን እንደሆኑ በስም ይጻፋል።

የተጎዳሁት እዚች ላይ ነው። ምስክር ብዬ የጻፍኩት እናቴን ብቻ ነው። ያን ማታ በራችን ላይ አምስት ጎረቤት ቆሞ ነበር። አንዱንም አልጻፍኩም። ሰው ላለማስቸገር ብዬ፣ «ፖሊስ ጋር ምን አጣላቸው» ብዬ።

ፍርድ ቤቱ ፖሊስ ወንድሜን ይዞ በማግስቱ እንዲቀርብ አዘዘ። ደስ ብሎኝ ደብረ ማርቆስ አደርኩ። ያን ከሰዓት፣ እኔ በሌለሁበት፣ ወንድሜን ወረዳ ፍርድ ቤት አቅርበው 14 ቀን ጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ለምርመራ አስረው የሚያቆዩበት ጊዜ፣ አስፈቀዱበት።

ዓርብ ችሎት ስንቀርብ ፖሊስ ሁለት ወረቀት አወጣ። አንዱ የጊዜ ቀጠሮው ትእዛዝ ነው። ሌላው የጣቢያው መዝገብ ቅጂ ነው፤ የተያዘበት ቀን ሰኞ፣ ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ይላል። ሦስቱ ሌሊት የለም። ማዳበሪያ ክፍሏ የለችም። «ሚሊሻ ማቆየቱን አናውቅም፣ እኛ ከተረከብን ጀምሮ ነው የሚቆጠረው» አሉ። እናቴ ቆማ ዓርብ ማታ ነው አለች። እናት ስለሆነች ብቻ ቃሏ ቀለለ። ከሰኞ ቢቆጠር እንኳ 48ቱ ሰዓት ረቡዕ ጧት አልቋል። ዳኛው መዘግየቱን አልካዱም። አሁን ግን የታሰረው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው ብለው መዝገቡን ዘጉት።

ከችሎት ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም።

ወንድሜን ሳገኘው ወረዳው ችሎት ላይ ምን እንዳለ ጠየቅሁት። ዳኛው «የምትለው አለ?» ብለውታል። «የለኝም» ብሏል። ምን ይበል? ያስጠነቀቀው የለም። 14 ቀን ጣሪያ እንጂ ደንብ እንዳልሆነ አያውቅም። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 59 በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ እንዳይሰጥ ይከለክላል፤ 14 ቀን ስጡ አይልም። ሁለትም፣ ሦስትም ቀን ይቻላል።

ለሁለተኛው ቀጠሮ ተዘጋጀን። መጀመሪያ ጠያቂ አይገባም አሉኝ። አንቀጽ 21ን በትልቅ ፊደል አትሜ ተረኛው ፖሊስ ፊት አስቀመጥኩለት። የቅርብ ዘመድም፣ ጓደኛም፣ ሐኪምም፣ ጠበቃም መጠየቅ ይችላል። አነበበው፣ አስገባኝ። ለወንድሜ ሦስት ነገር አስጠናሁት። የቀረው ምርመራ ምንድን ነው? ባለፈው 14 ቀን ምን ተሠራ? እኔ በዋስ ብወጣ የትኛው ሥራ ይሰናከላል? መርማሪው «ምስክር ይቀረናል» አለ። ስንት ምስክር እንደሰማ ሲጠየቅ አንድም አልሰማም። ዳኛው በ5,000 ብር ዋስ ለቀቁት። ገንዘቡን አስይዘን ደረሰኙን ያዝን። ደረሰኙን አትጣሉት፤ ኋላ ብሩ የሚመለሰው በእሱ ነው።

ጉዳዩ ራሱ በእርቅ አለቀ። ሽማግሌ ቦታው እዚያ ነው፣ በተጣሉት ሰዎች መካከል። ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ሽማግሌ መላክ የሰውን መብት ልመና አስመስሎ ማቅረብ ነው። ብዙ ሰው በዚህ አይስማማኝም። የፍትሕ ጽሕፈት ቤት ሰዎችም መጀመሪያ ለጣቢያው ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለበላዩ አመልክቱ ይላሉ። እኔ አትጠብቁ እላለሁ። 48ቱ ሰዓት እንዳለፈ አቤቱታው ፍርድ ቤት ይግባ። አንድ ሰው ደግሞ ወረዳው ችሎት በር ላይ ይቅር። ሁሉም ወደ ዞን አይሂድ።

ከዚያ ወዲህ እድራችን ደብተር ገዛ። ሰው ሲያዝ ጸሐፊው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የወሰደውን ሰው፣ ሦስት ምስክር ይጽፋል፤ ምስክሮቹ እዚያው ይፈርማሉ። መጀመሪያ ፈርመው የነበሩት ሁለት ሰዎች በማግስቱ ስማችንን ሰርዙ ብለው መጡ። አልሰረዝንም፤ ቁጭ ብለን አስረዳናቸው። ጣቢያውን ደግሞ በደብዳቤ ጠየቅን። ከሚሊሻ የተረከባችሁትን ሰው ሚሊሻው የያዘበትን ሰዓት ጭምር መዝግቡ አልን። «ሥራችንን ልትቆጣጠሩ ነው?» ተባልን። ስምንት ወር ፈጀ። ኃላፊው ተቀየረና አዲሱ ደብዳቤውን አንብቦ መዝገቡ ላይ አንድ አምድ ጨመረ። በእጅ የተሰመረ ነው። ያንን አምድ ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ማዳበሪያ ክፍሏ ግን አሁንም ሰው ያድርባታል። ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ሁለት ሌሊት አድሮባታል፤ ደብተራችን ላይ አለ። ለቀበሌው የጻፍነውን ሁለተኛ ደብዳቤ ትናንት አትሜዋለሁ። ሰኞ ጧት ከእድሩ ጸሐፊ ጋር ሆነን እናስገባዋለን።