የ0.6 ሚሊ ጣጣ

ከጂረን ቁልቁል ስወርድ እጄን ከመሪው ላይ አንስቼ መንዳት ከልጅነቴ ያልለቀቀኝ አመል ነው። ሰሞኑን ግን ሳይክሏ እምቢ አለች። እጄን ሳነሳ ወደ አንድ ጎን ታደላለች። ላቃናት ስል ወደ ሌላው ትሄዳለች። ቆም አልኩና የፊቱን ጎማ ብድግ አድርጌ መሪውን በአንድ ጣት ገፋሁት። ልክ መሀል ሲደርስ ቀጭ ብሎ ተቀመጠ። እንደ በር መቀርቀሪያ።

ሳይክሏ የአባቴ ነበረች። የጃፓን ኮርሳ፣ ማለትም የእሽቅድምድም ሳይክል ናት፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች። እዚሁ ጅማ መርካቶ ወዳለው ጋራዥ ወስጄ ለጋሼ አሳየኋቸው። ጋሼ ደንበኛን በስሙ አይጠሩም፤ በሚነዳው ነው የሚጠሩት። ድሮ የጅማ ባላባት በፈረሱ ስም ይጠራ የለ? አባ ጅፋርም የፈረስ ስም ነው። እኔም እዚያ ቤት አባ ኮርሳ ነኝ።

«የመሪ ኩሽኔታዋ አልቋል፣ አባ ኮርሳ። ሌላ ፈልገህ አምጣ።»

«እርስዎ ጋ የለም እንዴ?»

«ያለኝ የማውንቴን ነው። ለእሷ አይሆናትም።»

ማታ ግቢ ውስጥ ራሴ ፈታኋት። ከሥር ጨርቅ ማንጠፍ ረስቼ ነበር። የፊት ጎማውን የሚይዘውን ፎርክ ሳወጣው ትንንሾቹ የብረት ኳሶች ሲሚንቶው ላይ ፈሰሱ። የጎረቤት ልጆች «ብይ! ብይ!» እያሉ ተሻሙ። በልመናና በማስቲካ አስመለስኩ። ሁሉንም መመለሳቸውን እነሱ ያውቃሉ።

ፎርኩ አንገት ሥር የምትቀመጠውን የታችኛዋን የኩሽኔታ ቀለበት ጠርጌ ወደ አምፖሉ አስጠጋኋት። ኳሶቹ የሚሽከረከሩበት መንገድ መስታወት መምሰል ነበረበት። የኔዋ ዙሪያዋን በእኩል ርቀት የተደረደሩ ጉድጓዶች አሉባት። ገበጣ በሉት። ሳይክል አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ኳሶቹ ዓመት ከዓመት እዚያው ቆመው ይንቀጠቀጣሉ፤ ግራሶው ከሥራቸው ይሸሻል፤ ብረት ብረትን ይበላል። ኮብልስቶኑ ደግሞ አለ። ከዚያ መሪው መሀል በደረሰ ቁጥር ኳሶቹ በየጉድጓዳቸው ይገባሉ። ያ «ቀጭ» ይኸው ነው።

አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ደወልኩ።

«ልኩ ስንት ነው?»

«የኮርሳ ነዋ!»

«እንደዚህ ብዬ ብጠይቅ ሰውዬው ይስቅብኛል» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ ባለ አንድ ኢንች ካልኩ የሚበቃ መስሎኝ ነበር። በነጋታው ከቶርኖ ቤት ካሊብሮ፣ ሚሊ የሚለካበትን መሣሪያ ተዋስኩ።

አንድ ኢንች የሚባለው የፎርኩ አንገት ውፍረት ነው። ቀለበቷ ጠብቃ የምትቀመጥበት የአንገቱ ሥር ግን ሌላ ልክ አለው። በጃፓን ልክ 27.0 ሚሊ ነው፣ በሌላው የተለመደ ልክ 26.4። ፍሬሙ ውስጥ የሚገቡት ኩባያዎችም እንደዚያው፣ 30.0 እና 30.2። የድሮ የፈረንሳይ ሳይክል ከሆነማ አንገቱ ራሱ 25 ሚሊ ነው፣ ጥርሱም አይገጥምም። ሳይክሉ የጃፓን ስለሆነ ብቻ 27 ነው ብሎ መደምደምም አያዋጣም፤ ወደ ውጭ የተሸጡት በሁለቱም ልክ ይገኛሉ። ሦስት ጊዜ ለካሁ። 27።

ወንድሜ ምናለሽ ተራ ዞሮ ዞሮ ያገኘው 26.4 ሆነ። የ0.6 ሚሊ ልዩነት! የቶርኖው ልጅ «ፎርኩን አምጣው፣ እልጥልሃለሁ» አለ። ትንሽ ነው ያልተሸነፍኩት። ግን በሞርሳ ሲታሰር ትንሽ ካዘነበለ ቀለበቷ ተንጋዳ ትቀመጣለች። ተንጋዳ ከተቀመጠች ደግሞ መሪው አንድ ቦታ ይጠብቃል፣ ሌላ ቦታ ይላላል። ኩባያዎቹም ስላሉ ፍሬሙን ጭምር ማስላጥ ሊኖርብኝ ነው። የአባቴን ፎርክ ለዚህ? ተውኩት።

እስከዚያው ጋሼ አንድ ዘዴ አሳዩኝ። ኳሶቹን የሚይዘውን ቆርቆሮ አወጡና ኳሶቹን ልቅ አድርገው ግራሶ ላይ ደረደሯቸው። ከራሳቸው ጣሳ ጥቂት ኳስ ጨመሩበት። ቁጥሩ ስለተለወጠ ኳሶቹ ከድሮ ጉድጓዶቻቸው ጋር አልገጠሙም። «ቀጩ» ጠፋ። ዘላቂ አይደለም፣ ግን ሐምሌን ገፋሁበት።

የአክስቴ ልጅ ከውጭ ሊመጣ ሲል በ27ቱ ልክ እንዲያመጣልኝ ለመንኩት። ሁለት ዓይነት ፎቶ ላከልኝ። አንዱ ድፍን ኩሽኔታ ያለው ነው፤ ውሃና ጭቃ በቀላሉ አይገባውም። ሌላው እንደ ድሮው ልቅ ኳስ። በጅማ ዝናብ ማንም ድፍኑን ነው የሚመርጠው። እኔም ሁለት ቀን አመነታሁ። ድፍኑ ሲያልቅ ያንኑ ልክ ከየት አመጣለሁ? ኳስና ግራሶ ግን ጋሼ ጋ መቼም አይጠፋም። ልቁን አልኩ። የቁመቱንም ልክ ላክሁለት፤ አዲሱ ከአሮጌው ከረዘመ የላይኛው ዳዶ የሚይዘው ጥርስ ያጣል።

ባለፈው ቅዳሜ ገጠምነው። ኩባያዎቹን በመዶሻ አልመታናቸውም። ረጅም ባለ ጥርስ ብረት በፍሬሙ አሳልፈን፣ በሁለት ወፍራም ሮንዴላ መሀል በዳዶ ቀስ እያልን አስገባናቸው። ግጥሙን ማስተካከሉ ነው ጊዜ የወሰደው። የፊት ፍሬኑን ይዤ ሳይክሏን ወደፊት ወደኋላ ስነቀንቃት ኳ ኳ ካለች ላልቷል። ጎማዋን ብድግ አድርጌ መሪው በራሱ ካልወደቀ ደግሞ ጠብቋል። አራት ጊዜ መለስነው።

ጋሼ በጣታቸው ገፉት። መሪው መሀሉን አልፎ ወደ ጎን ወደቀ። ምንም አላሉም። አሮጌዋን ቀለበት ከጠረጴዛው አንስተው በጨርቅ ይጠርጓት ጀመር።

«ምን ያደርግልዎታል?» አልኳቸው።

«ግድግዳው ላይ እሰቅላታለሁ። ሰው ገበጣውን በዓይኑ ካላየ፣ ‹ግራሶ ብቻ ቀባልኝ› እያለ ያደርቀኛል።»