ያልተከፈለ ሰዓት፦ ከኮምቦልቻ ደሴ እየተመላለስኩ ሁለተኛ ዲግሪ የተማርኩበት ሒሳብ

ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሒሳብ ባለሙያነት ስሠራ ሰባተኛ ዓመቴን በያዝኩበት በ2016 ዓ.ም.፣ ደሴ ላይ በሚሰጠው የቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር በአካውንቲንግና ፋይናንስ ሁለተኛ ዲግሪዬን ለመማር ተመዘገብኩ። ሐሳቡ የቆየ ነበር፤ በ2013 ተነሥቶ፣ በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ እንደ ብዙ ሰው ዕቅድ ከእጄ ወጥቶ ነበር። አሁን ትምህርቱን ከጨረስኩ በኋላ የሥራ ባልደረቦቼ «ሥራውን፣ ትምህርቱንና ቤቱን እንዴት አብረህ ቻልከው?» እያሉ ሲጠይቁኝ የምሰጠው አጭር መልስ ስለሌለኝ፣ የሆነውን እንደ ሆነ መጻፍ ይሻላል ብዬ አሰብኩ።

ከመግቢያው ውጣ ውረድ እጀምራለሁ፤ ብዙ ሰው ጊዜ የሚያባክነው እዚያ ነውና። የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው፣ ሁላችንም ጋት የምንለው፣ የሚለካው የሒሳብ ሙያን ሳይሆን የቋንቋ፣ የቁጥርና የምክንያት አሰጣጥ ችሎታን ስለሆነ፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ዓመታት የቆጠረ ሰው የስምንተኛና የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ መልሶ ማየቱ ከማንኛውም ዝግጅት ይበልጥ ይጠቅመዋል። እኔን ያሠቃየኝ ግን ፈተናው ሳይሆን ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ፣ ማለትም ተቋሙ ራሱ የሚልከው የውጤት ማስረጃ ነበር። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ያገኘሁበት ተቋም ሰነዱን እስኪልክ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ፤ በመጨረሻም የሥራ ፈቃድ ወስጄ ራሴ ሄጄ አስፈጸምኩት። ትራንስክሪፕቱን ፈተናውን ከመውሰዴ በፊት ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር። ክፍያውን በተመለከተ የረዳኝ ዕቁብ ነው፤ የመሥሪያ ቤታችንን ዕቁብ ዳኛ አስቀድሜ ለምኜ፣ የእኔ ዕጣ ከምዝገባው ሳምንት ጋር እንዲገጥም አደረግሁ።

ከዚያ በኋላ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ያደረግሁት የመጀመሪያ ነገር የሰዓት በጀት መያዝ ነበር። ሳምንቱ 168 ሰዓት ነው። የመንግሥት ሥራ 39 ሰዓት ይወስዳል፤ ለእንቅልፍ 49፣ ለክፍል 12፣ ለመንገድ 4 ሰዓት ስይዝ 64 ሰዓት ተረፈኝ። ለእያንዳንዱ የክፍል ሰዓት ሁለት ሰዓት ይነበባል የሚለውን የተለመደ ስሌት ብከተል እንኳ በሳምንት 24 ሰዓት ይበቃኛል፣ የቀረው 40 ሰዓት ለቤተሰቤና ለራሴ ይሆናል ብዬ ተደሰትኩ። ያ ወረቀት እስከ ዛሬ አለኝ፤ ባየሁት ቁጥር ያስቀኛል። ለቅሶ የሚባል መደብ የለውም፤ ሰርግ፣ ገበያ፣ የታመመ ልጅ፣ መብራት የጠፋበት ምሽት፣ ከሥራ መልስ ደክሞኝ ግድግዳ ሳይ የማመሸው ሰዓት፣ አንዱም አልተያዘበትም።

መንገዱንም በወረቀቱ ላይ ከጻፍኩት በላይ ከባድ ሆኖ አገኘሁት። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ የሀረጎን ዳገት ጠምዝዞ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ የሚወጣ ነው። ከኮምቦልቻ ሙቀት በሸሚዝ ተነሥቶ ደሴ ላይ ከጦሳ ተራራ ሥር ጉም ውስጥ የገባ ሰው የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ የሚያሳልፈው እየተንቀጠቀጠ ነውና፣ በሁለተኛው ሳምንት ጃኬቴን የማስቀምጥበት ሰው ደሴ ላይ ፈለግሁ። ሚኒባስ ውስጥ እያነበብኩ እሄዳለሁ ያልኩትም አልሆነም፤ በሦስተኛው ጥምዝ ላይ ገጹ ይዞርብኛል፣ ሆዴም ይረበሻል። መፍትሔ የሆነኝ ዓርብ ማታ የሳምንቱን ትምህርት በራሴ ድምፅ ስልኬ ላይ አሳጥሬ መቅዳትና ቅዳሜ በመንገድ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ማዳመጥ ነበር። የራስን ድምፅ መስማት መጀመሪያ ያሳፍራል፤ ነገር ግን ሰው አንድን ነገር አለመረዳቱን የሚያውቀው ለማስረዳት ሲሞክር ስለሆነ፣ ከማዳመጡ ይልቅ መቅዳቱ ራሱ ጠቀመኝ።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ክፉ ነበር። ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ለማንበብ ወስኜ ስለነበር፣ በየምሽቱ መጽሐፉ ላይ አንቀላፋለሁ፤ በማግስቱ ደግሞ ቢሮ ውስጥ እንደ ሰከረ ሰው እሆናለሁ። በጥር ወር አንድ ሙሉ የክፍያ ሰነድ በ6231 የውሎ አበል መደብ መመዝገብ ሲገባኝ በ6232 የትራንስፖርት መደብ መዝግቤ፣ ስህተቱን ያገኘው የውስጥ ኦዲተራችን ነው። ሰውዬው አልጮኸብኝም፤ ሰነዱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ «ወንድሜ፣ ትተኛለህ?» ብቻ አለኝ። ማስተካከያውን አይቤክስ በሚባለው የመንግሥት ሒሳብ መመዝገቢያ ሥርዓት ላይ ከሠራሁ በኋላ የምሽቱን ንባብ ተውኩት።

በምትኩ ሁለት ሰዓቶችን ያዝኩ። አንደኛው ከሱብሒ አዛን በኋላ ያለው ነው። ቤታችን መስጊድ አጠገብ ስለሆነ ሌሊት 11 ሰዓት ገደማ አዛኑ ይቀሰቅሰኛል፤ ከዚያ እስከ 12፡30 ልጄ ሳትነቃ፣ ስልክ ሳይጮህ፣ አእምሮዬም ሳይደክም አንድ ሰዓት ተኩል አለኝ። ሁለተኛው የዓርብ ቀትር ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የዓርብ የምሳ እረፍት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ሁለት ሰዓት መሆኑ ይታወቃል፤ ሙስሊም ባልደረቦቼ ለጁምዓ ሲሄዱ ቢሮው ጭር ይላል፣ እኔም ምሳዬን በሠላሳ ደቂቃ በልቼ ቀሪውን አነባለሁ። ይህ ሁሉ ተደምሮ በሳምንት ዘጠኝ ሰዓት ነው። ካቀድኩት 24 ሰዓት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የማይቀር ዘጠኝ ሰዓት ስለነበረ፣ ውጤቴን ለመመረቅ ከሚያስፈልገው 3.00 በላይ ያቆየው እሱ ነው።

ትምህርቱ ራሱ የከበደኝ ባልጠበቅሁት በኩል ነበር። የሰባት ዓመት ልምዴ ያግዘኛል ብዬ ስገባ፣ ልምዱ እንቅፋት ሆነብኝ። በመንግሥት ሒሳብ የምንሠራው ሞዲፋይድ ካሽ በሚባለው ሥርዓት ስለሆነ፣ በአብዛኛው ግብይት የሚመዘገበው ገንዘቡ ሲገባ ወይም ሲወጣ ነው። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 የንግድ ድርጅቶች እንዲከተሉት የተደረገው ዓለም አቀፉ የሪፖርት አቀራረብ ደረጃ ግን በአክሩዋል ላይ የቆመ ነው፤ ገንዘቡ ቢከፈልም ባይከፈልም አገልግሎቱን በተቀበልክበት ቀን ዕዳው ዕዳ ነው። ክፍል ውስጥ እጄ በልማድ ወደ ጥሬ ገንዘቡ እየሄደ ብዙ ጥያቄ ተሳሳትኩ።

ይህን የማነሣው ስለ ሒሳብ ላስተምር አይደለም። በሁለተኛው ሴሚስተር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከደሴ ተመልሼ ስገባ፣ ባለቤቴ ልጃችንን አቅፋ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ እንቅልፍ ወስዷት አገኘኋት። እሷም የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ የምታርመው የፈተና ወረቀት መሶቡ ላይ ተከምሯል። ያን ጊዜ ነው የሰዓት በጀቴ ስህተት ምን እንደሆነ የገባኝ። «ትርፍ» ብዬ የጻፍኩት 64 ሰዓት ከየትም አልተረፈም፤ ቅዳሜና እሑድ እኔ የተውኩትን ሁሉ የሠራችው እሷ ናት፣ እኔ ደግሞ ምንም ስላልከፈልኩ ምንም እንዳልወሰድኩ ቆጥሬዋለሁ። ቤቴን በሞዲፋይድ ካሽ ነበር የማስተዳድረው። ነገሩን በዚህ ቋንቋ ስነግራት ሳቀችና «እንግዲህ መዝግበው» አለችኝ። መዘገብኩትም፤ ሦስቱ የኮርስ ሴሚስተሮች ሲያልቁ 48 ቅዳሜ በስሟ ተከፋይ ሆኖ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማክሰኞና የሐሙስ ምሽት የእሷ እንዲሆን ተስማማን፤ እራት የማበስለውም፣ ልጅ የማስተኛውም እኔ ሆንኩ። የመጀመሪያው ወጤ ስለ ጨው ብዙ የሚያስወራ ነበር።

ሌላው ዕዳ ቅሬ ነው፤ ሌላ ቦታ ዕድር የሚባለው። ወሎ ውስጥ ሰው ቅሬውን ትቶ መማር አይችልም፤ ለቅሶ ቀን ይቀጣሃል ለማለት ሳይሆን፣ ሰፈሩ ውስጥ ሰው ሆኖ መቆጠር የሚጀምረው ከዚያ ስለሆነ ነው። ስብሰባው እሑድ ጠዋት ክፍል ውስጥ በምሆንበት ሰዓት ነው። ሁለት ጊዜ ተከታትዬ ከቀረሁ በኋላ መቀጮውን ልኬ ዝም ማለት ስችል፣ ማታ የቅሬውን ዳኛ ቤታቸው ሄጄ ሁኔታዬን አስረዳኋቸው። «አባባ፣ ሁለት ዓመት ነው፤ እሑድ አልገኝም፣ ነገር ግን ልቀርም አልፈልግም» አልኳቸው። ትንሽ አሰብ አድርገው «ሒሳብ አዋቂ አይደለህ? መዝገቡን ያዝልን» አሉ። ከዚያ በኋላ የአባላቱን መዋጮ በየወሩ መጨረሻ ማታ ማታ አንድ ሰዓት ተቀምጬ እሠራ ነበር። ባለቤታቸውም ባገኙኝ ቁጥር «አብሽር ልጄ፣ ያልቃል» ይሉኛል። ይህ ምክር ለሁሉም ሰው ላይሠራ ይችላል፤ እኔ ግን አስቀድሞ ሄዶ መናገርና ሰው ያለውን ሙያ ለቀረው ሰዓት ማካካሻ ማቅረብ፣ በኋላ ይቅርታ ከመለመን እጅግ የቀለለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

እረፍትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ አልነካሁም፤ የእሑድ ማታ ቡና። ከአቦል እስከ በረካ፣ ጎረቤት ከመጣም ከጎረቤት ጋር፣ ስልኩ ሌላ ክፍል ተቀምጦ። ፈተና ሲደርስ ይህን ልቁረጠው ብዬ አንድ ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ ያገኘሁትን ሁለት ሰዓት አንድም ገጽ ሳልጨርስ አሳለፍኩት። በየሴሚስተሩ መጨረሻ ደግሞ ቤተሰቤን ይዤ ሐይቅ እሄድ ነበር፤ ቆሮሶ ዓሣ ጠብሰን በልተን፣ ልጄ ውኃው ዳር ጠጠር ስትወረውር ውዬ መመለስ ከሌላ ከማንኛውም እረፍት ይበልጥብኝ ነበር።

መመረቂያ ጽሑፌን በደቡብ ወሎ የወረዳ መሥሪያ ቤቶች የውስጥ ቁጥጥርና የበጀት አጠቃቀም ላይ አደረግሁ። አማካሪዬ መጀመሪያ ያቀረብኩትን የባንክ ርዕስ ሲመልሱት ከፍቶኝ ነበር፤ በኋላ ግን ምክራቸው ትክክል መሆኑን አየሁ። በየቀኑ ከምሠራው ሥራ የራቀ ርዕስ ብመርጥ ኖሮ መረጃ የሚሰጠኝን ሰው ለማግኘት ብቻ ወራት ይፈጅብኝ ነበር። 412 ሠራተኞች ካሉበት ስብስብ የናሙና መጠን በሚወጣበት በያማኔ ቀመር፣ በ5 በመቶ የስህተት መጠን፣ 203 ተጠያቂዎች ወጡ፤ መጠይቁን ለመበተን ከነበረኝ 26 የዓመት ፈቃድ ቀናት ውስጥ አሥሩን ተጠቀምኩ። ቀሪዎቹን ለፈተና ሳምንታት አስቀምጬ ስለነበር በዚያ ዓመት አንድም ቀን ለእረፍት ብዬ ፈቃድ አልወሰድኩም። ይህን እንደ ጀብዱ አልቆጥረውም፤ ዛሬ ቢሆን ሦስቱን ቀን ለእንቅልፍ አደርጋቸው ነበር።

የንባብ ጽሑፎችን በተመለከተ፣ የጀመርኩት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ስለሆነ፣ መስመር ካለበት ቦታ የሚወርደው ሁሉ ከተማሪ ወደ ተማሪ የሚሄደው በፍላሽ ነበር። በዚያ ምክንያት አንድ በጎ ልማድ ያዝኩ። የምፈልገውን አስቀድሜ በወረቀት ዘርዝሬ እሄዳለሁ፤ ያወረድኩትን ፋይል ሁሉ በደራሲው ስምና በዓመቱ እሰይማለሁ፤ ሁልጊዜም ሁለት ቦታ አስቀምጣለሁ። መስመሩ ከተመለሰ በኋላ ባለ ኢንተርኔት ጓደኞቼ በመቶ የሚቆጠር ጽሑፍ ሲያወርዱ፣ እኔ ሠላሳ ያህሉን አንብቤ ጨርሼ ነበር።

ያልቻልኩት ሰኔን ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30 ሲሆን፣ በ2017 የመመረቂያ ጽሑፌን የምከላከልበት ጊዜም ወደ ሰኔ መጨረሻ ወደቀ። ያልተወራረደ ተከፋይ፣ የባንክ ማስታረቂያ፣ የንብረት ቆጠራ፣ ይህ ሁሉ በሚከመርበት ሳምንት ስቴታ በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የወጣ ውጤት ማስተካከል የሚችል ሰው ካለ አደንቀዋለሁ። ሁለት ሳምንት ሞከርኩ፤ ከዚያም አማካሪዬ ዘንድ ሄጄ ልዘግይ አልኳቸው። አብረውኝ የጀመሩት ጋውን ለብሰው ፎቶ ሲነሡ እኔ ቢሮ ውስጥ ሰነድ እያሰርኩ ነበር፤ ከፍቶኛል ማለት ይገባል። በጥቅምት 2018 ስከላከል ግን ፈታኙ የጠየቁኝን ሁሉ ሳልንተባተብ መለስኩ፤ ለእርማት የተሰጠኝም ሥራ ጥቂት ነበር። ደግሜ ብጀምር በመጀመሪያው ሳምንት የማደርገው የመሥሪያ ቤቴንና የዩኒቨርሲቲውን የዓመት መርሐ ግብር አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን መጻፍ ነው፤ ሰኔ ላይ እንደሚጋጩ ሁለት ዓመት ቀድሜ አይ ነበር።

አሁን ተራው የባለቤቴ ነው። በመጪው ክረምት ለመምህራን በሚሰጠው የክረምት መርሐ ግብር ልትመዘገብ ትራንስክሪፕቷን ከወዲሁ አስልካለች። ትምህርቱ በሐምሌ ይጀምራል፤ ሐምሌ ደግሞ እኔ የዓመቱን ሒሳብ ዘግቼ ሪፖርት የማወጣበት ወር ነው። ሁለቱን መርሐ ግብሮች አንድ ገጽ ላይ ጽፈን ምድጃው አጠገብ ግድግዳው ላይ ለጥፈናል፤ የሐምሌ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ልጃችንን ማን እንደሚይዛት እስካሁን አልወሰንንም።