«ቀጭ» ብሎ ነበር

«በድንገት» የሚለውን ቃል በሥራ ሪፖርት ላይ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት ብቆጥር አፍራለሁ። ከፊቴ ያለው መኪና በድንገት ቆመ፤ ሞተር ሳይክሉ በድንገት ገባብኝ፤ እግረኛው በድንገት ዘለለ። በ19 ዓመት የሹፌርነት ዘመኔ ስንት ቦታ አውጥቶኛል መሰላችሁ! ይህን ቃል የቀማኝ የመሥሪያ ቤታችን የጋራዥ ኃላፊ ነው። ሰበቧ ደግሞ አንዲት የዘጠኝ ወር ልጅ ናት።

ያኔ መሥሪያ ቤታችን የሚያጠቡ እናቶች ለመስክ ሥራ ሲወጡ ልጃቸውን ይዘው እንዲሄዱ ፈቅዶ ነበር። የመጀመሪያዋ ተጓዥ ከወሊድ ፈቃድ የተመለሰች ባልደረባችን ሆነች፤ ስምሪት ክፍሉ ጉዞውን ለእኔ ሰጠ። «ልምድ ያለው እሱ ነው» ተባለ። ልምዱስ አለ፤ ግን የሕፃን ወንበር በእጄ ነክቼ አላውቅም። የራሴ ልጆች በእናታቸው እቅፍ እየተጓዙ ነው ያደጉት። ምንም አልሆኑም፤ እኔም በዚያ ስኮራ ኖሬያለሁ።

ጠዋት እንደ ልማዴ ዘይቱን፣ ውሃውን፣ የፍሬን ዘይቱን፣ የጎማውን አየር አየሁ። ከዚያ ንብረት ክፍል ሄጄ ወንበሩን ተረከብኩ። አቧራው ተጠርጓል፤ የመመሪያ መጽሐፉ ግን የለም። ፈርሜ ወሰድኩ።

እናትየው ስትመጣ ወንበሩን ጋቢና ላይ አድርጌዋለሁ።

«ጋሼ፣ ከኋላ ቢያደርጉልኝ? ፊቷም ወደ ኋላ እንዲሆን ነው ሐኪሟ የነገሩኝ።»

«ወደ ኋላ ዞራ ምን ልታይ ነው እህቴ? የመቀመጫውን ጨርቅ? እዚህ ትሁን፤ እኔም እያየኋት እሄዳለሁ።»

አልተከራከረችኝም። የጋቢናውን የፀሐይ መከላከያ ዝቅ አድርጋ በጣቷ አሳየችኝ። እዚያ ላይ የተለጠፈውን ሥዕል በየቀኑ አየዋለሁ፤ የሕፃን ወንበርና የተነፋ ኤርባግ፣ በላዩ ላይ ቀይ ሰረዝ። በዚያ መኪና ስድስት ዓመት ስነዳ አንድም ቀን ለምን እንደተለጠፈ አልጠየቅኩም። ፊቷን ወደ ኋላ ያዞረች ልጅ ጋቢና ላይ ስትሆን ጭንቅላቷ ያለው ለዳሽቦርዱ ቅርብ ነው። ኤርባግ ደግሞ ዓይን ተርገብግቦ ሳያበቃ ነው ፈንድቶ የሚወጣው። አዋቂን ያተርፋል፤ ከፊቱ የተዘረጋን የሕፃን ወንበር ግን ከነልጁ ወደ ኋላ ይመታዋል።

ቅር እያለኝ ወደ ኋላ መቀመጫ ወሰድኩት። የመኪናውን ቀበቶ በወንበሩ ማሳለፊያ አሾልኬ ቁልፉ ውስጥ ሰካሁት። ቀጭ አለ። ከላይ ጫፉን ይዤ ወዘወዝኩት፤ ተወዛወዘ። «ይሄማ ያለ ነው» አልኩ። ልጅቷ ጠዋቱ ብርድ ስለነበር በጥጥ የተሞላ ወፍራም ጃኬት ለብሳለች። የትከሻ ማሰሪያዎቹን ከጃኬቱ በላይ አሰርኩና አጠበቅኩ። እዚያም ቀጭ አለ። ሁለት ጊዜ ቀጭ ካለ ምን ቀረ?

ሁለት ሰዓት ያህል ከተጓዝን በኋላ ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ከፊቴ አንድ የጭነት መኪና አለ። በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄድን ነው። የጭነት መኪናው ቀጥ አለ። ፍሬኑን በሙሉ እግሬ ረገጥኩ፣ መሪውን ወደ ግራ ቆረጥኩ፣ ጎማው ጮኸ፣ ቆምን። አልነካሁትም። በእኔ ስሌት ነገሩ እዚያ አልቋል፤ እንዲያውም «ጎበዝ!» የሚል ሰው ፈልጌ ወደ ስፖኪዮው ቀና አልኩ።

ወንበሩ በስፖኪዮው ውስጥ የለም።

ዞሬ ሳይ ክው አልኩ። ወንበሩ ከቦታው ተንሸራቶ በጎኑ ተጋድሟል፤ እናትየው በሁለት እጇ ደግፋ ይዛዋለች። ልጅቷ አንድ ትከሻዋ ከማሰሪያው ወጥቶ፣ ጃኬቷ እስከ ጆሮዋ ተሰብስቦ፣ ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች። ለቅሶው የመጣው ዘግይቶ ነው። ቀበቶው አሁንም እንደተቆለፈ ነው። የትከሻ ማሰሪያውም እንደተቆለፈ ነው። ሁለቱም ቀጭ እንዳሉ ናቸው።

እናትየው ልጇን አውጥታ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰቻት። ምንም አልሆነችም። ለእኔ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ፤ «ጋሼ፣ እኔ ኮ እርስዎ ስላሰሩት አልነካሁትም።» ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በእኛ ቤት መኪና ካልተጫረ ሪፖርት አይጻፍም። እኔም ላለመጻፍ አስቤ ነበር፤ ግን እናትየው ስለምትናገር ቀድሜ ልናገር ብዬ ጻፍኩ። በጎ አሳቢ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። እንዲህ የሚል ነበር፤ «ከፊት ለፊት የነበረው ተሽከርካሪ በድንገት በመቆሙ ፍሬን ስይዝ፣ የሕፃኗ ወንበር አሮጌ በመሆኑ ከቦታው ተንቀሳቅሷል።» ጥፋቱን ለጭነት መኪናውና ለዕቃው አከፋፍዬ እኔ ነፃ ወጣሁ።

የጋራዥ ኃላፊው ወረቀቱን አንብበው መኪናውንም ወንበሩንም አምጣ አሉኝ። በዕድሜም በሙያም ታላቄ ናቸው፤ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው። መጀመሪያ ወንበሩን ገለበጡት። ከፕላስቲኩ ሥር የተመረተበት ቀንና የአገልግሎት ማብቂያው ታትሟል፤ ጊዜው ካለፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ፕላስቲክ በሙቀትና በፀሐይ ብዛት ይደርቃል፤ ሳይታይ ይሰነጠቃል። ደስ አለኝ።

«ዕቃው አርጅቷል፣ እውነትህን ነው» አሉ። «አንተ ግን አዲሱንም ቢሰጡህ እንዲሁ ነበር የምታስረው። እስኪ እሰረው።»

አሰርኩት። ቀጭ አለ። እሳቸው ከላይ ሳይሆን ከታች፣ ቀበቶው ወንበሩ ውስጥ በሚያልፍበት ቦታ ያዙና ወደ ጎን ሳቡት። አንድ ስንዝር ሙሉ ተከተላቸው።

«ጫፉ ቢወዛወዝ ግድ የለም፤ ወደ ኋላ የዞረ ወንበር ጫፉ መንቀሳቀሱ አይቀርም። የሚለካው እዚህ ነው። እዚህ ጋ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሄደ አልታሰረም።»

ከዚያ ቀበቶውን ፈቱና ቀስ ብለው ሳቡት፤ እየተለቀቀ ወጣ። ነጠቅ አደረጉት፤ ያዘ። ይህንማ የማያውቅ ሹፌር የለም። ለአዋቂ የተመቸው እንዲህ ስለሆነ ነው፤ ጎንበስ ስንል ይለቀናል፣ መኪናው በኃይል ሲቆም ይይዘናል። የሕፃን ወንበር ግን በየመታጠፊያውና በየጉድጓዱ ቀስ እያለ ነው የሚገፋው። ቀበቶውም ቀስ እያለ ይለቅለታል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲላላ ኖሮ ፍሬን የያዝኩ ለታ የሚይዘው ነገር አጣ።

«አሁን ስማ» አሉኝ። ቀበቶውን እስከ መጨረሻው፣ ከጥቅሉ እስኪያልቅ ድረስ መዘዙት። ከዚያ መልሰው ለቀቁት። ሲገባ ጥርጥርጥር የሚል ድምፅ አሰማ። እንደገና ሊስቡት ሞከሩ፤ ፍንክች አላለም። ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ ወደ ውጭ አይወጣም።

«ይቺን ድምፅ ታውቃታለህ?»

አውቃታለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ተሳፋሪ ከእግሩ ሥር ቦርሳ ሊያነሳ ሲያጎነብስ ቀበቶው ጥርጥር ብሎ ያዘውና «አነቀኝ» ብሎ ጮኸ። እኔም «የኋላ ቀኝ ቀበቶ ተበላሽቷል፣ ይጠገን» ብዬ መኪናዋን ለእኚሁ ሰው ጋራዥ ልኬያለሁ። ያኔ ምንም ሳይሉ ነው የመለሱልኝ። ለካ ቀበቶው አልተበላሸም፤ ፈትቶ ሙሉ በሙሉ እንዲጠቀለል መተው ብቻ ነበር። ያ መቆለፊያ የተሠራው ለሕፃን ወንበር ነው፤ እኔ እንደ ብልሽት መዘገብኩት።

ሁሉም መኪና ይህ የለውም፤ አንዳንዱ ወንበር የራሱ የቀበቶ መቆንጠጫ አለው። ሁለቱን ደርቦ መጠቀም የሚቻለውም መመሪያው ሲፈቅድ ብቻ ነው። ስለዚህ የመኪናውም የወንበሩም መጽሐፍ ይነበባል። መጽሐፍ የሌለውን ዕቃ ፈርሜ መውሰዴ የመጀመሪያው ስህተቴ ነበር ማለት ነው።

ቀጥለው ጉልበታቸውን ወንበሩ ላይ ተክለው፣ በክብደታቸው ወደ መቀመጫው ስፖንጅ እየተጫኑ ቀበቶውን አጠበቁት። ከታች ይዤ ጎተትኩት። መኪናው ተነቃነቀ፤ ወንበሩ ግን አልተነቃነቀም።

ስለ ጃኬቱ ስነግራቸው የራሳቸውን ካፖርት አውልቀው አሻንጉሊት የሚያክል ጥቅል አደረጉና በመዳፋቸው ጨመቁት፤ ግማሽ ሆነ። «በፍሬን ሰዓት የሚሆነው ይህ ነው። ማሰሪያውን ያጠበቅከው በአየር ላይ ነው።» ልጅ የሚታሰረው በስስ ልብስ ነው፤ ጃኬቱ ወይም ብርድ ልብሱ ከማሰሪያው በላይ ይደረባል። ማሰሪያውን ትከሻዋ ላይ በሁለት ጣት ለመቆንጠጥ ሲሞከር እጥፋት ከተያዘ ላልቷል፤ ጣት ካንሸራተተ ልክ ነው። ወደ ኋላ ለዞረች ልጅ ማሰሪያው የሚወጣው ከትከሻዋ ትይዩ ወይም ዝቅ ብሎ ነው፤ ወደ ፊት ለዞረ ደግሞ ትይዩ ወይም ከፍ ብሎ።

እኔም የማልተው ሰው ነኝና «ጋሼ፣ እኛ ኮ በእናታችን እቅፍ ነው ያደግነው» አልኳቸው።

ከኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው በሪፖርቴ ጀርባ ላይ ሂሳብ ጀመሩ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ከግድግዳ ጋር መላተም 10 ሜትር ገደማ ከሚሆን ከፍታ እንደ መውደቅ ነው። መኪናው በአንድ አሥረኛ ሴኮንድ ውስጥ ከቆመ፣ ዘጠኝ ኪሎ የምትመዝን ልጅ በእናቷ ክንድ ላይ ከ120 ኪሎ በላይ ትከብዳለች። «የትኛዋ እናት ናት ይህን የምትይዘው? የናንተ እናት ስላልተጋጨች ነው።» ወደ ኋላ መዞሩም ከዚሁ ይመጣል። የሕፃን ራስ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ነው፣ አንገቱ ገና አልጠነከረም። ፊቱን ወደ ፊት ካደረገ አካሉ ሲያዝ ራሱ ይወረወራል፤ ወደ ኋላ ከዞረ ግን ጀርባውም ራሱም አንድ ላይ ወንበሩ ውስጥ ያርፋሉ። ቁጥር 129 የተባለው የተባበሩት መንግሥታት የወንበር ደንብ ቢያንስ እስከ 15 ወር ወደ ኋላ ይሁን ይላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ዕድሜ ሳይቆርጥ፣ ወንበሩ በሚፈቅደው ክብደትና ቁመት ልክ እስከቻለ ድረስ ይቆይ ባይ ነው። ያቺ እናት ሥዕሉን ባታሳየኝ ኖሮ ያን ቀን ጋቢና ላይ፣ ፊቷን ወደ ፊት ነበር የማስቀምጣት። አሁንም ሳስበው እጄ ይቀዘቅዛል።

ያለቀ መስሎኝ ልሄድ ስል ጠሩኝ። ወረቀቱን ገልብጠው ወደ ጽሑፌ ተመለሱ።

«ከጭነት መኪናው ምን ያህል ርቀት ነበርክ?»

«ያው… የተለመደው።»

«በሜትር።»

«አምስት… ቢበዛ ስድስት።»

«በ40 ስትሄድ በአንድ ሴኮንድ 11 ሜትር ትጓዛለህ። እግርህ ከነዳጅ ወደ ፍሬን እስኪሄድ አንድ ሴኮንድ ይፈጃል። የጭነት መኪናው በድንገት አልቆመም። አንተ መጀመሪያውንም ለመቆም ቦታ አልነበረህም።» ይህን ብለው «በድንገት» የምትለዋን ቃል በአንድ መስመር ሰረዟት። «ይህን አስተካክለህ ጻፈው።»

ጻፍኩት። በ19 ዓመት ውስጥ እንደዚያ የከበደኝ አንድ ገጽ የለም። ቅጣት ይመጣል ብዬ ስጠብቅ የመጣው ሌላ ሥራ ነው፤ አዲስ ወንበር ሲገዛ አብሬ እንድረከብ፣ አዳዲስ ሹፌሮችንም አስተሳሰሩን እንዳለማምድ ታዘዝኩ። አዲሱ ወንበር በመቀመጫውና በመደገፊያው መሃል ተደብቀው ባሉ ሁለት የብረት ዘንጎች ላይ ነው የሚነክሰው። አይሶፊክስ ይሉታል። በደንብ ሲይዝ ምልክቱ አረንጓዴ ይሆናል። እሱም ቀጭ ይላል፤ እኔ ግን አረንጓዴውንም አይቼ ከታች እጎትታለሁ። ከሠልጣኞቹ አንዱ «ጋሼ፣ አረንጓዴ ሆኗል ኮ!» ሲለኝ ሪፖርቴን አውጥቼ አስነብበዋለሁ፤ ከነሰረዙ።

ከወር በኋላ ያቺ እናትና ልጇ እንደገና ደረሱኝ። ወንበሩን አስሬ ጨርሼ በሩን ይዤላት ቆምኩ። ልጅቷን ክንዷ ላይ እንዳደረገች ጎንበስ ብላ፣ ሳታየኝ፣ በአንድ እጇ ከታች ይዛ ወንበሩን ጎተተችው። ቀስ ብላ ሳይሆን በኃይል። ከዚያ ጃኬቷን አውልቃ አስቀመጠቻት፣ ማሰሪያውን ቆነጠጠች፣ ጃኬቱን ከላይ ደረበችላት።

«እንሂድ ጋሼ።»

ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ ከፊቴ ሦስት ሴኮንድ ያህል ቦታ ተውኩ። አንድ ሚኒባስ ፍሬቻ እንኳ ሳያሳይ እዚያ ቦታ ላይ ገባ። ነዳጁን ለቀቅ አደረግኩና ቦታውን እንደገና ሠራሁት። ከኋላዬ ያለው ጥሩምባውን አንባረቀብኝ። በስፖኪዮው አየሁት፤ በጣም ተጠግቶኛል።